ማንም ያልነገረኝ ሕክምና

ማዳም ልብስ ማጠቢያው ክፍል ከባልዲ ሥር የደበቅሁትን ጨርቅ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ወጥ ቤት ድረስ ይዛብኝ መጣች። ጨርቁ በደም የራሰ ነበር። እኔ ሽንኩርት እየላጥሁ ነበርና ቢላዋውን አስቀምጬ ቆምሁ።  መጀመሪያ ጨርቁን አየች፣ ቀጥላ ሆዴን አየች፣ ከዚያ በመስኮቱ ወደ ታች፣ ሾፌሩ መኪና ወደሚያጥብበት ግቢ ተመለከተች። ምን እንዳሰበች ለመረዳት ዓረብኛ ማወቅ አላስፈለገኝም።

በዚያች ቤት ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ አርግዛ ወደ አገሯ እንደተመለሰች ሰምቼ ነበር። የነገረችኝ ከጎናችን ያለው ቤት የምትሠራ የወሎ ልጅ ናት። በረንዳ ላይ ልብስ ስናሰጣ፣ አንሶላ መሃላችን ተንጠልጥሎ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ እናወራ ነበር። ልጅቷ ከማን እንዳረገዘች ማንም አልጠየቀም አለችኝ። ሻንጣዋን አስይዘው አውሮፕላን ጣቢያ ወሰዷት፣ አለቀ።

የእኔ ነገር እርግዝና አልነበረም። የወር አበባዬ ሲመጣ እንደ ሌላው ሴት አያቆምም። ይፈሳል፣ ፋታ ይሰጠኛል፣ ደግሞ ይመለሳል። ደረጃ ስወጣ ዓይኔ ይጨልም ጀመር፤ ምንጣፍ ስጠርግ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ትመታለች። ለማዳም ያልተናገርሁት የታመመች ሠራተኛ እንደምትባረር ስለማውቅ ነው። ከቡሬ ስነሳ ደላላው ሁላችንንም የሦስት ወር መርፌ ተወግታችሁ ሂዱ ብሎን ነበር። ለምን እንደሆነ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም፤ ሁላችንም ገብቶናል። ደሙን ያመጣብኝ ያ መርፌ ነው እያልሁ ደላላውን በልቤ እረግመው ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ማዳም ልብስሽን ቀይሪ አለችኝና ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ወለሉ እንደ መስተዋት ያበራል፣ አየሩ ከማቀዝቀዣው የተነሳ ብርድ ነው። ስሜን የተናገረችው እሷ ናት፤ ዕድሜዬን የተናገረችውም እሷ ናት፣ አሳስታ። ሽንት ስጪ ብለው ብልቃጥ ሰጡኝ፤ ሰጠሁ። ነርሷ ውጤቱን ያሳየችው ለማዳም ነው። የማዳም ፊት ፈታ ሲል አየሁና እርጉዝ አለመሆኔን ከእሷ ፊት አነበብሁ።

ከዚያ ዶክተሯ ዘንድ ገባን። መነጽር ያደረገች፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ሆዴን በመሣሪያ አየችው፣ የዓይኔን ቆብ ገልብጣ አየች፣ ግን አንድም ጊዜ ወደ እኔ ዞራ አልተናገረችም። ጥያቄውም መልሱም ከማዳም ጋር ነበር። የእኔ ዓረብኛ የወጥ ቤት ዓረብኛ ነው፤ አምጪ፣ ውሰጂ፣ እጠቢ፣ ጨው ጨምሪ። ስለ ሰውነት የሚወራበትን ዓረብኛ ማን ያስተምረኛል? ከዚያ ሁሉ ወሬ አንድ ሁለት ቃል ብቻ እየለቀምሁ ተቀመጥሁ። በመጨረሻ ማዳም ወረቀት ላይ ፈረመች። እኔ የፈረምሁት ነገር የለም።

አልጋው ላይ አስተኙኝ። እግሬን ከፍ አድርገው ብረት ላይ አስቀመጡት። ቀዝቃዛ ነገር ገባ፣ ቀጥሎ ውስጤን የሚቆነጥጥ ሕመም መጣ። ጮኼ እንደሆነ አላስታውስም፤ የማስታውሰው ከራስጌዬ የቆመችው ማዳም ግንባሬን በመዳፏ ስትይዘው ነው። ልታጽናናኝ ይሁን እንዳልነሳ ልትይዘኝ ይሁን እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

መኪና ውስጥ፣ ወደ ቤት ስንመለስ፣ በምልክትም በቃልም እያደረግሁ ምን እንዳደረጉኝ ጠየቅኋት። ከእኔ ጋር በምትናገርበት በዚያ በተሰባበረ ዓረብኛ፣ ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ አድርጋ፣ «ማፊ ዳም፣ ማፊ ቤቢ፣ ኸላስ» አለችኝ። ማፊ ማለት የለም ነው። ዳም ደም መሆኑን ማንም አበሻ ያውቀዋል። ኸላስ አለቀ፣ በቃ ነው። ደም የለም፣ ልጅ የለም፣ በቃ።

እኔ የጎጃም ልጅ ነኝ፤ አባቴ ቅኔ ቤት የቆየ ሰው ነበር፤ አንድ ቃል ሁለት ፊት እንዳለው በልጅነቴ ተምሬ አድጌያለሁ። ያችን የማዳምን ሦስት ቃል ግን ብገለብጣት ብገለብጣት አንዱ ፊቷ ከሌላው ይብስብኛል። ልጅ የለም ማለቷ አላረገዝሽም ማለቷ ነው? ወይስ እዚህ ሳለሽ አታረግዢም? ወይስ እስከ መቼም አትወልጂም?

ከዚያ በኋላ ደሙ ቀነሰ። ትንሽ ትንሽ ጠብ ሲል ከረመና ከጥቂት ወር በኋላ ጭራሹን ቀረ። የሚመጣበትን ቀን ጠበቅሁ፣ አለፈ። የሚቀጥለውንም ጠበቅሁ፣ አለፈ። ጉልበቴ ተመለሰ፣ ደረጃውን እንደ ልጅ መሮጥ ቻልሁ፤ ልቤ ግን ከቀን ቀን እየከበደኝ ሄደ። በሃያዎቹ ውስጥ ያለች ሴት የወር አበባዋ በአንድ ጠዋት ሕክምና የሚቀረው ምን ተወስዶባት ነው?

በረንዳው ላይ ለወሎዋ ልጅ ነገርኋት። የያዘችውን ልብስ ገመዱ ላይ ጣለች። ማህፀን የሚያወጡባቸው አሉ ሲባል ሰምቻለሁ አለችኝ። እኔም ሆዴ ላይ ምንም ስፌት የለም አልኋት። አሁን እኮ ሆድ ሳይቀድዱ በታች በኩል ነው የሚያወጡት አለች። ይህን ከማን እንደሰማች አላወቀችም። እኔ ግን በዚያው ቀን አመንሁት።

ማዳም ከዚያ በኋላ ደግ ሆነች፤ ይህ ደግሞ ጥርጣሬዬን አባሰው። ጉበት እየገዛች ብዪ ትለኛለች፣ ቀይ ክኒን በየጠዋቱ እየቆጠረች ትሰጠኛለች። ክኒኑን ከምላሴ ሥር ደብቄ ወጥ ቤት ስገባ የምተፋበት ጊዜ ነበር። ውል ጨርሼ ስመለስ አውሮፕላን ጣቢያው በር ላይ አቅፋኝ አለቀሰች። ሰው የወደደውን ሲሸኝ የሚያለቅሰው ልቅሶ ይመስላል፤ እኔ ግን በትከሻዋ ላይ ሆኜ፣ ይህች ሴት የምታለቅሰው ያደረገችኝን ስለምታውቅ ነው እያልሁ አስብ ነበር።

ቡሬ ተመልሼ በርበሬ ተራ አጠገብ አንዲት የሴቶች ልብስ ሱቅ ከፈትሁ። ባሌን ያገኘሁት የሱቁን መደርደሪያ ሲሠራልኝ ነው፤ አናጺ ነው፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው። ላግባሽ ሲለኝ ነገሬን አልደበቅሁትም። የወር አበባ እንደማላይ፣ በሰው አገር ምን እንደተደረግሁ እንደማላውቅ፣ ምናልባት መውለድ እንደማልችል ነገርሁት። መላጊያውን አስቀምጦ ሰማኝ። ሐኪም ሲያይሽ ይታወቃል፣ እኔ አንችን ነው የጠየቅሁ አለኝ።

ሐኪሙን ግን ፈራሁት። ማህፀን የለሽም ከሚለኝ ሳላውቅ ብኖር ይሻለኛል የምልበት ጊዜ ነበር። አንድ ጊዜ ደፍሬ ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ነርሷ ዓረብ አገር ቆይቼ እንደመጣሁ ስነግራት እስክሪብቶዋን አቆመችና ቀና ብላ አየችኝ። እዚያ ወልደሽ ታውቂያለሽ አለች። አላውቅም አልኋት። አስወርደሽስ አለች። አላውቅም አልኋት። እንዳላመነችኝ ከአንገቷ አነቃነቅ ተረዳሁ። የደም ምርመራ ጻፈችልኝ፤ እኔ ግን በላቦራቶሪው በር አልፌ ወደ ሱቄ ተመለስሁ።

አማቴ በገበያ ቀን ከገጠር ትመጣለች። ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ በጋሪ ተሂዶ ከዚያ በእግር የሚደረስበት ቀበሌ ነው የሚኖሩት፤ በቆሎና ጤፍ ያርሳሉ። ሴትዮዋ ቀጭን፣ ዓይነ ፈጣን፣ ንግግሯን ሁሌ በሰበብ የምታስተላልፍ ናት። ገና ከተጋባን ዓመት ሳይሞላን፣ ቤታችሁ ጸጥ አለሳ ትላለች፤ እኔ ቡና ልቅዳ ብዬ እነሳለሁ። ሌላ ቀን የጎረቤት ላም የወለደችውን ጥጃ አንስታ ታወራለች፣ ላሟን መካን ናት ብለው እንዴት ጠርጥረዋት እንደነበር፣ ለካስ ላሟ ደህና ኖራለች። እኔ አንገቴን ደፍቼ፣ እሰይ፣ እንኳን ደስ አላቸው እላለሁ። እርስዎ እያልሁ፣ እግር እያጠብሁ፣ እንዳላየች ሆና የምታየኝን ዓይን እሸሻለሁ።

አንድ ቀን ከሱቅ ያለ ሰዓቴ ተመለስሁና ጓዳ ስገባ አማቴ ሻንጣዬን ከፍታ አገኘኋት። ከዓረብ አገር ያመጣሁት ሻንጣ ነው። ልብሴን አንድ በአንድ አውጥታ አልጋው ላይ ደርድራዋለች፣ እጇ በኪሱ ውስጥ ነው። አልደነገጠችም። ቀስ ብላ እጇን አወጣች።

«ምንድር ነው የሚፈልጉት እማማ?» አልኋት።

«የምትውጭውን» አለችኝ። «ልጅ እንዳይመጣ የምትውጭውን ክኒን።»

እንደሌለኝ ነገርኋት። እጅጌዬን ጠቅልዬ ክንዴን አሳየኋት፤ ከቆዳ ሥር የተቀበረም መከላከያ የለም። ክንዴን ይዛ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰችው። እንዴት እንደምትዳስስ ታውቅበታለች፣ ነርስ ነው የምትመስል። ሳታገኝ ስትቀር ልብሱን አጣጥፋ መለሰችውና፣ እንግዲያስ ሌላ ነገር ነው ብላ ወጣች። ለባሌ አልነገርሁትም። እሷም አልነገረችውም።

የዚያን ዓመት ክረምት ሲወጣ ከእምብርቴ በታች ሕመም ጀመረኝ። መጀመሪያ ቁርጠት ነው አልሁ፤ ቆይቶ ጎንበስ ስል እንደ ምስማር የሚወጋ ሆነ። ባሌ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል እንሂድ አለ፤ ሆኖም በተነጋገርንበት ሳምንት መንገዱ ተዘጋ፤ ሲከፈት ደግሞ እሱ ከቡሬ ውጭ ጣሪያ እየሠራ ነበር። አብሬሽ ልሂድ ያለችው አማቴ ናት። ለምን እንደምትሄድ አላጣሁትም። ሐኪም የሚናገረውን በገዛ ጆሮዋ መስማት ፈልጋለች።

በሚኒባስ ሄድን። ማንኩሳ ላይ ሰው ሲወርድና ሲሳፈር አማቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ስባ በመስኮት ታያለች። እኔ እሷን አያለሁ። ሁለታችንም መንገዱን ሙሉ ስለ በቆሎው ማማር ብቻ ነው የተነጋገርን።

ሆስፒታሉ ሰው ሞልቶት ነበር። ተራችን ሲደርስ የገባንበት ክፍል ጠባብ ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ አልትራሳውንድ፣ በመጋረጃ ፋንታ የተሰቀለ አረንጓዴ ጨርቅ። ዶክተሩ ወጣት ነው፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነው። አማቴ ከኋላዬ ተከትላ ገብታ ከራስጌዬ ቆመች። እሱም አማቴን አየና፣ እናት፣ ምን ሆና ነው ብሎ እሷን ጠየቃት።

አልጋው ላይ ተጋድሜ ነበር።  ያ ቀዝቃዛ ክሊኒክ፣ ያች ባለ መነጽር ሴት፣ ግንባሬ ላይ የነበረው መዳፍ ሁሉ ተመልሶ መጣብኝ። ተነስቼ ቁጭ አልሁ።

«የታመምሁ እኔ ነኝ» አልሁት። «ለእኔ ንገሩኝ። እማማ፣ እርስዎ እባክዎ ውጭ ይጠብቁኝ።»

አማቴ ንቅንቅ አላለችም። ዶክተሩ ወደ እኔ፣ ከዚያ ወደ እሷ አየና፣ ትክክል ናት እናቴ፣ ውጭ ወንበር አለ አላት። ወጣች። ስትወጣ በሩን አልዘጋችውም፤ እሱ ሄዶ ዘጋው።

ሁሉንም ነገርሁት። ደሙን፣ ክሊኒኩን፣ ሦስቱን ቃል፣ ከዚያ በኋላ የወር አበባ አለማየቴን። ሳያቋርጠኝ ሰማ። ከዚያ ቀዝቃዛውን ቅባት ሆዴ ላይ ቀባና መሣሪያውን ይዞ ይፈልግ ጀመር። እኔ ማያውን ሳይሆን ፊቱን ነበር የማይ፤ ሰው ሲዋሽ ቅንድቡ ላይ ይታወቃል ብዬ። ቅንድቡን ሰበሰበ። መሣሪያውን ገፋ፣ መለሰ፣ ደግሞ ገፋ።

«ማህፀንሽ አለ» አለኝ።

ደስ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። መጀመሪያ የመጣብኝ ግን፣ ይህ ሰው ሊያጽናናኝ ነው የሚል ሐሳብ ነው። አሳየኝ አልሁት። ማያውን ወደ እኔ አዞረው። በግራጫ ደመና መሃል በጣቱ ዙሪያውን አሳየኝ፤ ይኸ ማህፀንሽ ነው፣ ይኸ ደግሞ ግድግዳው ላይ የበቀለ ትንሽ እጢ ነው፣ ብዙ ሴት ላይ ይገኛል፣ ደም የሚያፈሰው እሱ ይሆናል አለ። ከዚያ ጣቱ መሃል ላይ ቆመ። እዚያ ቦታ ቀጥ ያለ፣ የሚያበራ ጭረት ነበር።

«ይኸ ግን ከአንች የበቀለ አይደለም። ሉፕ ነው» አለኝ። «ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ የወሊድ መከላከያ። ቦታውን ትንሽ ለቋል፤ የሚያምሽ ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።»

ሉፕ የሚባል ነገር እንዳለ ሰምቻለሁ፤ እኔ ውስጥ ይኖራል ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብሁ። የወር አበባዬስ የት ሄደ አልሁት። አንደኛው ዓይነት ሉፕ መድኃኒት አለው አለኝ፤ ሆርሞን የሚባል፣ የማህፀንን ግድግዳ እያሳሳ ደሙን የሚቀንስ፣ አንዳንዷ ላይ ጨርሶ የሚያስቀር። እርግዝናን ለመከላከል ያስገቡታል፤ እንዲሁም እንደ አንች ደም ለሚበዛባት ሴት እንደ ሕክምና ይሰጣል። ሲወጣ የወር አበባ ይመለሳል፣ መውለድም ይቻላል።

«ለእኔ ለየትኛው ነው ያስገቡልኝ?»

ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠ። 

«ይሄን እኔ ላውቅልሽ አልችልም» አለኝ።

ይህን ሲለኝ ነው ያመንሁት። የማያውቀውን አላውቅም አለ፤ እንግዲህ አውቃለሁ ያለውን ያውቀዋል ማለት ነው።

አውጣልኝ አልሁት። አዋላጅ ነርስ ጠራ። እሷም ከመጀመሯ በፊት ምን እንደምታደርግ ነገረችኝ፤ ክር አለው፣ ክሩን ይዤ እስበዋለሁ፣ ስትስይ ይቀልሻል አለች። ሳልሁ። ቁንጥጥ አደረገኝና አለቀ። ያ ሁሉ ዓመት የተሸከምሁት ነገር በአንድ ሳል ወጣ። ያስቀመጥሽበትን ሳህን ወደ እኔ አስጠጊው አልኋት። ከጣቴ አንጓ የማይበልጥ፣ ነጭ፣ ሁለት ክንድ ያለው ፕላስቲክ ነው፤ ክሩ ቀይ ሆኗል። ብዙ አየሁት። ትንሽነቱ አናደደኝ።

አማቴን አስገቧት አልሁ። ለምን እንዲህ እንዳልሁ በደንብ አላውቅም፤ ምናልባት እኔ ነግሬያት ከማታምነኝ በዓይኗ ትየው ብዬ ይሆናል። ገባች፣ ሳህኑ ላይ አጎነበሰች። ከሷ ውስጥ ነው የወጣው ብላ ነርሷን ጠየቀች። ነርሷ አዎ አለቻት። ማን አስገባው አለች። ዓረብ አገር ሳለሁ ሳይነግሩኝ እንዳስገቡት እኔ ነገርኋት። አማቴ ቀና ብላ ፊቴን ፈተሸችው፤ ያን የለመድሁትን አስተያየት ነው ያየችኝ፤ ሳህኑን ደግሞ አየች። ከዚያ የወደቀ ነጠላዬን ከወለሉ አንስታ አራግፋ ትከሻዬ ላይ ጣለችው።

መናኸሪያ ሚኒባሱ እስኪሞላ ጥላ ፈልገን ግንብ ሥር ተቀመጥን። አማቴ ዙሪያውን ቃኘች፤ ቅርብ የነበሩት ሴቶች ዶሮ ይዘው ተሳፈሩ። ያን ጊዜ የግራ እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰበሰበችና ክንዷን አቀረበችልኝ።

«ዳስሽው» አለችኝ።

ከክንዷ ውስጠኛ ገጽ፣ ከቆዳዋ ሥር፣ እንደ ክብሪት እንጨት ቀጭን የሆነ ነገር ጣቴን ነካው። ገፋሁት፣ ተንሸራተተ። 

የመጨረሻዋን ልጅ ስትወልድ ልትሞት ደርሳ እንደነበር ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ ባሏ ሌላ ልጅ ሲል፣ እሷ ጨው ልግዛ ብላ ወጥታ ጤና ኬላ ገብታ አስቀበረችው። ለሰው አልተናገረችም፤ ለነፍስ አባቷም ቢሆን በደፈናው ነው የተናዘዘችው። ጊዜው ሲያልቅ ነይ አውጪው ብለዋት ነበር፤ ኬላው ያሉት ልጆች ተቀያየሩ፣ እሷም ለምን መጣሽ ሲሏት ሰው ይሰማል ብላ ፈርታ ቀረች።

«እኔ ያደረግሁትን ያደረግሽ መስሎኝ ነው» አለችኝ። «የኔን ልጅ ጠልተሽ መስሎኝ ነው። እኔ አባቱን እንዲህ ነበርና የሸወድሁት።»

 ያን ቀን ክንዴን ስትዳስስ እጇ ለምን እንደዚያ እንደተካነ ገባኝ። ሳቅ መጣብኝ፤ እሷም አየችኝና አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ሚኒባሱ ሞልቶ ረዳቱ እስኪጠራን ድረስ እጅጌዋን እንደሰበሰበች ነበር።

የወር አበባዬ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተመለሰ። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ቆማ ቀሚስ ስትለካ ነው የተሰማኝ። ሴትዮዋን ሸኝቼ በሩን ዘጋሁና መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ቀጥሎ የመጣው ወር ግን እንደ ድሮው ሆነ፤ ፈሰሰ፣ አላቆም አለ፣ ዓይኔ ጨለመ። ፍኖተ ሰላም ተመለስሁ። ያው ዶክተር ቀይ ክኒን ጻፈልኝ፤ ፋርማሲ ስቀበለው አወቅሁት፤ በመልኩም በጠረኑም ማዳም በየጠዋቱ ትሰጠኝ የነበረው ነው። ደም የሚተካ የብረት ክኒን ነው አሉኝ። ከምላሴ ሥር ደብቄ የተፋሁት እሱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሐሳቤ መያዣ አጣ። ታክሜ ኖሮ ይሆን እንዴ? ያች ባለ መነጽር ሴት ከሞት አድናኝ ይሆን? ወይስ ማዳም ሠራተኛዬ ደም እንዳታፈስ፣ ደግሞም እንዳታረግዝ ብላ በአንድ ጊዜ ሁለት ጉዳይ ፈጸመች? ብዙ ካመነታሁ በኋላ በስልክ የድምፅ መልእክት ላክሁላት። በወጥ ቤት ዓረብኛዬ፣ ያን ጊዜ ዶክተሯ ያስገባችው ነገር ለደሙ ነው ወይስ ለልጅ ብዬ ጠየቅሁ። መልሷ በማግሥቱ መጣ። ድምጿ ደስ ብሎታል። እንዴት ነሽ፣ እናትሽ እንዴት ናት፣ ልጆቼ አሁን አድገዋል፣ አንች የምትሠሪው ሩዝ ይናፍቃቸዋል አለች። ከዚያ መቼ ትመለሻለሽ ብላ ጠየቀችኝ። ስለጠየቅኋት ነገር አንድ ቃል የለም። ደግሜ ላክሁ። ሰማችው፤ መስማቷን ስልኩ ይነግረኛል። መልስ አልመጣም።

ዶክተሩ እጢው ትንሽ ነውና ሞክሪ ብሎኝ ስለነበር ሞከርን። ያረገዝሁ ጊዜ አላመንሁም። ሽንቴን ቡሬ አስመረመርሁ፣ ውጤቱን አላመንሁም፤ ፍኖተ ሰላም ሄጄ በአልትራሳውንድ አሳየኝ አልሁት። የልብ ምቱን ሲያሰማኝ ማሽኑ ሁሌ እንዲህ ነው የሚጮኸው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ዶክተሩ ሳቀ፤ እኔ የምሬን ነበር። ባሌ ግን አምኖ ነበር፤ እኔ ሳላምን የልጁን አልጋ ሠርቶ ጨርሶ በሸራ ሸፍኖት አገኘሁት።

ሴት ልጅ ወለድሁ። ምጡ ረጅም ነበር፣ ደምም በዛብኝ፤ አዋላጆቹ ሲሯሯጡ፣ ምን እየሰጣችሁኝ ነው፣ ለምንድን ነው እያልሁ በየመርፌው ጠየቅኋቸው። አንዷ ተሰላችታ፣ አንችን ለማትረፍ ነዋ አለችኝ። ስሙን ንገሪኝ አልኋት። ነገረችኝ።

ልጅቷን ክትባት ላስከትብ ቡሬ ጤና ጣቢያ ስሄድ አማቴ አብራኝ መጣች። ክትባቱ ሲያልቅ ልነሳ ስል አማቴ አልተነሳችም። በሩ መዘጋቱን አረጋገጠችና እጅጌዋን ሰበሰበች። ይኸንንም እግረ መንገድሽን አውጭልኝ አለቻት ነርሷን። ነርሷ ዳሰሰችውና መቼ ነው የተቀበረው አለች። አማቴ እኔን አየች፤ መልሱንማ አንች ታውቂዋለሽ እንደማለት። እኔ ልጄን ወደ ሌላው ትከሻዬ አዛውሬ፣ እናቴ ናቸው፣ እሳቸውን ጠይቂያቸው አልኋት። አማቴ ጉሮሮዋን ጠራረገችና መናገር ጀመረች።

ቤት ስትገባ የባሌ አባት ክንዷ ላይ ያለውን ፋሻ አይቶ ምን ሆነሽ ነው ብሎ ጠየቃት አሉ። ወፍጮ ቤት ምስማር ጫረኝ ብላዋለች። አምኗት እንደሆነ አላውቅም። እሷም አታውቅም፤ ሲያያት ግን ዓይኑ ክንዷ ላይ ይቆያል ትለኛለች።